ጥቅስ የለበሱ ጠርሙሶች

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ባለችው የሐበሻ ቤተክርስቲያናችን ውሃ የማድለው እኔ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየእሁዱ። ሌላው ይዘምራል፣ ሌላው ይሰብካል፤ እኔ የታሸገ ውሃ አቀርባለሁ። ዝም ብዬ ግን አይደለም። ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ጥቅስ በእጄ እጽፍና የፋብሪካውን ወረቀት ልጬ የራሴን እለጥፋለሁ፤ ውሃ እንዳያበላሸው ከላይ በሚያሳይ ፕላስተር እሸፍነዋለሁ። ሰው ሁለቴ ተጎንጭቶ ወንበር ሥር ቢተወውም ጽሑፌን ሳያደንቅ አይሄድም። ጠርሙሱን ለቅሜ ጓሮ እጥላለሁ። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደርስ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ከኢምባካሲ ሰፈር አንዲት እህት መጣች። በዕድሜ ታንሰኛለች፣ ድምጿ ለስላሳ ነው፤ እሱም ራሱ ያናድደኝ ነበር። በሦስተኛው እሁድ ባለ ቧንቧ ማጣሪያና የብረት ኩባያዎች ይዛ መጣችና፣ ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ወንዝ በፕላስቲክ እየታፈነ መሆኑን በትሕትና አስረዳች። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ውስጤ ግን በቅናት አረረ። ፓስተሩ ከእሷ ኩባያ ጠጥተው "ተባረኪ" ሲሏት፣ እኔ ትሪዬን እንደያዝኩ በር ላይ ቀረሁ። በሚቀጥለው እሁድ እልህ ይዞኝ እጥፍ ጠርሙስ አመጣሁ።

ዝናቡ ሲገባ፣ አንድ እሁድ ረፋድ እየዘመርን ውሃ በጓሮ በር ገባ።

"ድሬኑን ቹፓ ብሎክ አድርጎታል!" ብላ ጮኸች ከዘማሪዎቹ አንዷ፤ የጓሮውን ቦይ ጠርሙስ ደፍኖታል ማለቷ ነው።

ጫማዬን አውልቄ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ያቺ እህት ቀድማኛለች፤ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ቦዩ ውስጥ ከትታ ጠርሙስ ታወጣለች። አንዱን አንስቼ ጭቃውን ስጠርገው የገዛ ጽሑፌ ብቅ አለ። በፕላስተሩ ምክንያት አንድ ፊደል አልጠፋም። ሽማግሌዎቹ ወደ እኛ እየመጡ ነበር። አለቀልኝ፣ አልኩ።

ቀና ስል፣ ከየጠርሙሱ ላይ ወረቀቱን እየላጠች ሹራቧ ኪስ ውስጥ ትከታለች።

"ፖሌ፣ አይዞሽ እትዬ" አለችኝ በሹክሹክታ። "በዚያ በኩል ያሉትን አንቺ ላጪ፣ ቶሎ በይ።"

ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ጠርሙሶቹ ራቁታቸውን ነበሩ። የሰፈሩ ቆሻሻ መስሏቸው፣ የማን ናቸው ብሎ የጠየቀ የለም።

ላመሰግናት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ጫማዬን ፈልጌ አጥልቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እስከዚያ ቀን የቀናሁት በማጣሪያዋ ነበር። አሁን በልቧም እቀናለሁ።