የጥጃ ቃጭል

ልጄ ዛሬ ከደብረ ማርቆስ ገበያ ለቡችላዋ ቃጭል ገዝታ መጣች። አንዴ ስታቃጭለው የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አክስቴ ስትሞት ዕውር ውሻዋን አባቴ ወደ ቤታችን አመጡት። ሁለቱ ውሾቻችን ምግብ በቀረበ ቁጥር ይነክሱት ነበር። እኔ የጥጃ ቃጭል እያቃጨልኩ ጓሮ ወስጄ ለብቻው አበላው ጀመር። ውሎ አድሮ ቃጭሉን ሲሰማ ጭራውን እየቆላ ወደ እኔ ይሮጥ ነበር። ውሾቹም ለመዱት፤ አብረው ይተኙ ጀመር።

አንድ ቀን ተኝቶ ሳለ ታናሽ ወንድሜ ረገጠው፤ ውሻውም ደንግጦ እግሩን ነከሰው።

በማግስቱ አባቴ እኔንና ውሻውን ይዘው ከመንደራችን ጫፍ ድልድይ ወዳለበት ገደል ሄዱ።

«በድልድዩ ተሻግረሽ ማዶ ቁሚና አቃጭዪ» አሉኝ።

«ለምን እርስዎ አይጠሩትም?»

«ካንቺ በቀር ማንን ያምናል ብለሽ ነው?» ብለው ራሴን ዳበሱኝ።

ኮራሁ። ተሻግሬ አቃጨልኩ። ጆሮውን አቆመና ጭራውን እየቆላ በድልድዩ ሳይሆን በገደሉ በኩል ቀጥታ ወደ እኔ ሮጠ። እስከዚያች ሰዓት ዕውርነቱን ረስቼው ነበር።

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አሉ አባቴ ከወዲያ ማዶ።

«እማዬ፣ እዪው! ሳቃጭልለት ይመጣል እኮ!» ትለኛለች ልጄ።

«ይመጣል» አልኳት።