ጉንዳኖቹ ከማንጎው ሲወርዱ

ትናንት የሳይንስ መምህራችን ደብተሬን ሲመልሱልኝ፣ «ይሄ በትምህርት ቤቱ መጽሔት ላይ ይወጣል» አሉኝ። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ የምናወጣው የመጀመሪያው መጽሔት ነው። እስከ ቤታችን ሮጬ ነው የሄድኩት። ምን ሆነሽ ነው ለሚለኝ ሁሉ እውነቱን መናገር አፍሬ፣ «ዝናብ ሊመጣ ነው» እላለሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ደብተሩን ያስጀመረኝ የአባቴ ነገር ነው። አባቴ ባሮ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል ደግሞ ውሃው በለቀቀው ርጥብ ደለል ላይ በቆሎ እንዘራለን። መቼ እንደሚዘራ የሚናገረው እሱ ነው። ወንዙ ሲሞላ እንቁላላቸውን ይዘው ማንጎው ላይ የወጡት ጉንዳኖች ተመልሰው ሲወርዱ፣ «ውሃው ሄዷል፣ ዝሩ» ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማዋል።

እሱ በሞተበት ዓመት ጉንዳኖቹ ወረዱ፤ ዘራን። በቆሎው ጣት ሲያህል ባሮ ተመልሶ መጣና ጠረገው። አጎቴ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች፣ «ወንድሜ እኮ ዕድሜ ልኩን በጉንዳን ሲያስተዳድረን ኖሯል» ብሎ አሳቃቸው። እኔ አልሳቅኩም። አባቴ ተሳስቶ ነው የኖረው? ወይስ ወንዙ ተለወጠ? ይሄን ሳላውቅ መቀመጥ አቃተኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ዳርቻው ላይ እንጨት እየተከልኩ ውሃው የት እንደደረሰ በየቀኑ ጻፍኩ። ጉንዳኖቹንም ጻፍኩ። አንድ ቀን ጨው ልገዛ ሄጄ ባለሱቁን፣ ባሮ ከሚመጣበት ደጋ፣ የጎሬ ሰው ናቸው፣ «ሐጂ፣ እናንተ አገር ዝናቡ አቆመ?» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?»

«ውሃችን ከእናንተ ነዋ የሚመጣው።»

ሳቁና ዕቃ የሚያመጣላቸውን ሾፌር ጠየቁልኝ። እዚያ ገና እየዘነበ ነበር። «ድሮ በዚህ ጊዜ እኛ ጋ ፀሐይ ነበር» አሉ ሐጂ።

በዚያው ሳምንት ጉንዳኖቹ ወረዱ። «እማ፣ እንቆይ» አልኩ።

አጎቴ፣ «ወንዙ አማክሮሻል?» አለኝ።

እናቴ ዘሩን ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን ዘራች፣ ግማሹን ቅል ውስጥ አስቀመጠች። በስድስተኛው ቀን ባሮ መጥቶ የተዘራውን ወሰደ።

«ታዲያ ለምን ዘራሽው?» አልኳት።

«ያ የአባትሽ ድርሻ ነው» አለችኝ። «ዝሩ ብሎ ሳልዘራ የቀረሁበት ጊዜ የለም።»

የቅሉን ዘር፣ ሾፌሩ «አባርቷል» ሲል ዘራነው። በቆሎውንም በላን፤ አጎቴም በላ።

ጉንዳኖቹ የሚያውቁት የእኛን ሰማይ ብቻ ይመስለኛል። በአባቴ ጊዜ የእኛም የደጋውም ዝናብ አብሮ ያቆም ነበር ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ አባቴ አልተሳሳተም፤ የተለወጠው የደጋው ዝናብ ነው። መምህራችን ግን «የአንድ ዓመት ደብተር ብዙ አያስረዳም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ስለዚህ እናንተም፣ የኢታንግ ልጆችም ሁኑ የአቦቦ፣ ትልልቆቻችሁ በምን ምልክት እንደሚዘሩ ጠይቁ። ምልክቱ ዘንድሮ ይሠራ እንደሆነ ሄዳችሁ እዩና ጽፋችሁ አምጡልኝ። ከእኔ የተለየ ካገኛችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ኑ።