የቦይለሩ ሦስት ሰዓት

አባ ጭሴ ይሉታል፤ ስሙን ያወጡለት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ በሚያጥበው ላውንደሪ ቦይለር ማቀጣጠል ከጀመረ ድፍን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቧንቧውን በመዳፉ ነካ አድርጎ የእንፋሎቱን ኃይል ይናገራል፤ መለኪያው የሚያረጋግጠው ከእሱ በኋላ ነው። ከሰው ጋር ግን ወሬ የለውም። ዝምታ ወርቅ ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው፤ እሱስ ወርቁን አብዝቶት ነበር።

ጭሱን የምትከሰው ደግሞ የገዛ ታላቅ እህቱ ናት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ የሰፈሩ የአካባቢ ጥበቃ ማህበር ሊቀመንበር፣ አንዴ ከያዘች የማትለቅ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከጡረታዋ ጋር ተሰናብቷታልና ሦስት ወር ሙሉ ከመስኮቷ ሆና ጭሱ የሚነሳበትን ሰዓት በደብተር ስትጽፍ ከረመች። በዚያው ሰሞን ትልቁ ሆቴል ለላውንደሪው ደብዳቤ ላከ። የአየር ንብረቱ ጉዳይ እኛንም ይመለከታል፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነዳጁን ያልቀነሰ ድርጅት አንሶላችንን አያጥብም ይላል። ሆቴሉ ከሄደ ስልሳ ሠራተኛ ይበተናል። ባለድርጅቱ ጨነቀውና መላ ቢገኝ ብሎ ማህበሩን ለስብሰባ ጠራ።

የተሰበሰቡት መተኮሻ ክፍሉ ውስጥ ነው። ባለድርጅቱ በነዳጅ የማይሠራ ቦይለር መግዛት ከአቅሙ በላይ መሆኑን ተናገረ። እህትየው መነጽሯን አድርጋ ደብተሯን ገለጠች። ጭሱ የሚነሳው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ማሽኖቹ የሚነሱት ጠዋት አንድ ሰዓት። መሀል ያለው ሦስት ሰዓት ለምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ሁሉም ወደ አባ ጭሴ ዞረ።

መልሱን ያውቀዋል። የድሮው ቦይለር እስኪሞቅ ሦስት ሰዓት ይፈጅ ነበር። በሌላ ከተተካ ስምንት ዓመት አለፈው፤ ሰዓቱን ቀይር ያለው የለም፣ እሱም አልጠየቀም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ማንም በሌለበት የግቢው ንጉሥ መሆን ደስ ይለው ነበር። አሁን ቦይለሩ ይፈልገዋል ቢል የሚከራከረው አይገኝም፤ ነገሩን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለምና። እውነቱን ከተናገረ ግን ሊባረር ይችላል። ፈራ። እህቱን አያት፤ ዓይኗን አልነቀለችም።

«አያስፈልገውም፤ አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

አንዴ ከጀመርኩ አይቀር ብሎ ቀጠለ። ከእጥበት በኋላ የሚደፋው ውሃ ትኩስ ነው፤ የሚደፋበት ቧንቧ ለቦይለሩ ቀዝቃዛ ውሃ በሚጠራቀምበት ታንከር ውስጥ ቢያልፍ ውሃው ቦይለር ሳይገባ ቀድሞ ይሞቃል፣ ነዳጁም ይተርፋል። ይህን ካወቀ ዓመታት ሆነውታል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?» አለ ባለድርጅቱ ፊቱ ቀልቶ።

«ጠይቀውኝ አያውቁም።»

እህትየው ሳቋን በመሐረቧ ሸፈነች። ከዚያ ባለድርጅቱ ራሱ ወንበር ስቦ ከጎኑ አስጠጋለትና ሌላስ የምታውቀው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀው።

አባ ጭሴ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ባለድርጅቱ ፊት ተቀምጦ አያውቅም። ኮፍያውን አወለቀና ተደላድሎ ተቀመጠ።

«አለ፤ ወረቀት ይያዙ» አለው።