ለልጄ ዋስ ሲጠፋ

የበደለኝ ወንድሜ ታደሰ ነው። የበደለኝም ልጄ ደረጀ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ዓመቱ እንደተለወጠ፣ በጥቅምት ነው። ወንድሞችና እህቶች፣ ስሙን ሳልጠራ ብመሰክር ጎዶሎ ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ጠራሁት። ጌታ ያደረገልኝንም ከዚያው ጋር ስሙልኝ።

ደረጀ ዘላይ ነበር። ሱሉልታ ላይ ሣሩ ታጭዶ ሲከመር፣ ገመድ አስወጥሮ ከላዩ ይዘልና ድርቆሹ ላይ ይወድቃል። አንዱን ጫፍ ብዙ ጊዜ እኔ እይዝለት ነበር። የስፖርት አስተማሪው ውጭ አገር ጽፎለት አንድ ኮሌጅ ተቀበለው፤ እሱ ለኮሌጁ ሊዘል፣ ኮሌጁ ሊያስተምረው። የቀረው ዋስ ነበር። ተምሮ እንደሚመለስ የሚፈርምለት፣ ርስት ወይም የመንግሥት ሥራ ያለው ሰው። እኔ ባሌ ሞቶብኛል፤ ርስት የለኝም። ታደሰ ግን ቡራዩ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ወረቀቱ እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልገባ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ተባልን።

ስድስት ጊዜ ቡራዩ ተመላለስኩ። አምስቱን፣ ድምፁን ከጓዳ እየሰማሁ፣ «የለም» አስባለኝ። በስድስተኛው በሩ ላይ ያዝኩት።

«ምን ሊማር ነው?» አለኝ።

«ምህንድስና። እየዘለለ።»

«ዝላይማ ፍየልም ያለ ኮሌጅ ትዘላለች።» ጎረቤቶቹ ሳቁ። «ደግሞ ሄዶ ቢቀር ማን ሊጠየቅ ነው? አንቺ?»

የእሱ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ወድቋል። ይህን ለሐሜት አላነሣሁትም።

አስተማሪው አማኝ ነበር። «እትዬ፣ ለኢየሱስ ይንገሩት» ቢለኝ፣ «ኢየሱስ ሱሉልታ ውስጥ ርስት አለው?» ብዬ አፉን ዘጋሁት። ያኔ እምነቴ እልህ ብቻ ነበር። በማግስቱ ጥቁር ዶሮ ታቅፌ፣ ሰበታ ወዳለ ቃልቻ ልሄድ ተነሣሁ። የወንድሜ እጅ እንዲደርቅ። ይህን የምነግራችሁ ስለማረኝ ነው። ስሙ ይባረክ።

መኪና ስጠብቅ መንገዱ ዳር፣ ኦቦ ቱፋ ከሚባሉ ባለርስት የድርቆሽ ክምር ሥር ተቀመጥኩ። ቀትር ነበር። ድርቆሹ ይሞቃል፣ ይሸታል። ዓይኔ ተከደነ።

ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሆኖ አየሁ። ደረጀ ሲሮጥ ኮቴው አይሰማም። የገመዱ አንድ ጫፍ በእኔ እጅ፣ ሌላው በታደሰ እጅ ነው። እሱ ከፍ ሲያደርግ እኔም እልህ ይዞኝ ከፍ አደርጋለሁ። ልጁ ይዘላል፣ ገመዱ ደረቱን ይመታዋል፣ ይወድቃል፤ ደግሞ ይነሣል። ከክምሩ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። «ልጄ፣ አንቺም እኮ ከፍ እያደረግሽው ነው። ልቀቂው» አለኝ። ለቀቅኩት። ደረጀ በቀስታ፣ ጭስ እንደሚወጣ ወጣና አለፈ። ሲወርድ አላየሁም።

ስነቃ መዳፌ ይቆጠቁጠኛል። ዶሮዋ ከብብቴ ወጥታ ጥሬ ትለቅማለች። ተውኳት። እግሬ ወደ አስተማሪው ቤት ወሰደኝ፤ እዚያ ተንበርክኬ ጌታን ተቀበልኩ። ጌታ ይመስገን።

ከዚያ በሐሳቤ የመጡልኝ ኦቦ ቱፋ ነበሩ። ደረጀን ከድርቆሻቸው ስላባረሩት ከሁለት ዓመት በፊት ሰድቤያቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም። እየፈራሁ ሄድኩ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ቱፋ?»

«ዛሬ ደግሞ ስድቡ የት ሄደ?» አሉኝ። ጉዳዩን ነገርኳቸው።

«ያ ድርቆሼን የሚረግጠው?»

«አዎ፣ እሱ።»

«ከብቶቼ የእሱን ላብ በልተው ነው የወፈሩት።» ሜዳውን አዩ። «ሄዶ ቢቀርስ?»

«አላውቅም» አልኩ። መዋሸት አቃተኝ።

«እኔም አላውቅም። በይ ነይ፣ እንሂድ።»

አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አተሙ። ኅዳር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ገባ። ጌታ ይመስገን፣ ደረጀ ዛሬ ሦስተኛ ዓመቱን ይማራል።

ወገኖቼ፣ ዘመድ በር የዘጋባችሁ ካላችሁ ለኢየሱስ ንገሩት። እኔን የመሰለች ቂመኛ ከሰማ፣ እናንተን እንዴት ዝም ይላል?

ደረጀን አውሮፕላን ማረፊያ ሸኝቼ ስመለስ ቡራዩ ሄድኩ። ታደሰን «ልጁ ሄዷል። ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። «ግቢ» አለኝ። አልገባሁም። ቀጥሎ በመጣው መኪና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።