ለአልጣሽ የተሠራ መደብ

የቡና ገለፈት ሲበሰብስ የሚሸተው ሽታ፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም ሆኖ፣ በዚያን ዘመን ዲላ የኖረን ሰው ዛሬም መንገድ ላይ ያስቆመዋል። በ፲፱፻፷፭ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ ያ ሽታ ከወይዘሮ አሰገደች ግቢ ይወጣ ነበር። ገለፈቱን ከዲላ ወጣ ብላ ካለችው ከጪጩ በጆንያ እየተሸከመ ያመጣው ተከራያቸው ሙሉካ ነው።

ሙሉካ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር፤ ዝምተኛ፣ የጀመረውን የማይተው። ሚስቱ አልጣሽ የቡና ጆንያ እንደ ተሸከመች ከወደቀች ወዲህ ወገቧ አልታጠፍ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ መኮትኮት ቀርቶባታል። በጓሮ ሥራ ያደገች ሴት ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እያየች ትውል ጀመር። እህሉንም ቀመስ አድርጋ ትተወዋለች። ይህን ያየው ሙሉካ አንድ ቀን በርጩማ ላይ አስቀመጣትና ከመሬት እስከ ክርኗ ያለውን በቀርከሃ ለካ።

በዚያ ልክ ካስማ ተከለ፤ ዙሪያውንም የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ጎነጎነበት። ከሥር ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በላይ ገለፈቱን ሞላ። ትኩስ ገለፈት ሥር ያቃጥላልና ሦስት ወር በእንሰት ቅጠል ሸፍኖ አበረደው። በመጨረሻ ጪጩ ካለው ከአባቱ ጓሮ ያመጣውን ጥቁር አፈር ደለደለበት፤ አልጣሽ ተቀምጣ ጎመን የምትተክልበት መደብ ሆነ።

ጎረቤቱ ባለሱቁ ፈድሉ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ፣ «ለጎመን አልጋ ሠራህለት? አንተ መሬት እየተኛህ» አለው።

«የኔ ወገብ ደህና ነዋ» አለ ሙሉካ።

የመጋቢት ዝናብ ሲጥል አልጣሽ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ጎመን ተከለች፤ ከጥጉም አንዲት ለጋ እንሰት። ጣጣው የመጣው በእንሰቷ ነው። ጎመን የአንድ ወቅት ነው፤ እንሰት ግን የዓመታት ነው፤ በዚያ አገር እንሰት ያለው ደጅ ባለቤት ያለው ደጅ ነው። ወይዘሮ አሰገደች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። አባታቸው ከደጋ መጥተው ባገኙት መሬት ሲሟገቱ ኖረው፣ ሲሟገቱ ነው የሞቱት።

አንድ ጧት ወደ ተከራዮቹ ክፍል ገቡ። ተቀመጡ ቢባሉ እንቢ አሉ።

«አንተ ሙሉካ፣ ጎመን ትከል አልኩህ እንጂ እንሰት አልኩህ? ነገ ይዞታዬ ነው ብለህ ዳኛ ፊት ልትገትረኝ ነው?»

«እሜቴ፣ መሬትዎን አልቆፈርኩም። አፈሩ የአባቴ ነው።»

«አፈሩስ የማን መሬት ላይ ነው ያረፈው? ወይ ንቀላት፣ ወይ ቤቴን ልቀቅ።»

ሙሉካ አንገቱን ደፋ። ቤቱን ቢለቁ መደቡ አብሯቸው አይሄድም፤ አልጣሽም ወደ ግድግዳዋ ልትመለስ ነው። «እነቅላታለሁ» ሊል አፉን ሲከፍት ሚስቱ ቀደመችው።

«እሜቴ፣ የተከልኳት እኔ ነኝ። ለጋ እንሰት የተከለ እጅ መልሶ ከነቀላት ቤት ያፈርሳል ይል ነበር አባቴ። እኛ አንችልም፤ እርስዎ በእጅዎ ይንቀሏት። ቅር አይለኝም። ጎመኑን ግን ይተዉልኝ፤ ጧት የምነሣው ለሱ ነው።»

ወይዘሮ አሰገደች በአልጣሽ ጥፍሮች ሥር የገባውን አፈር አዩ። ከዚያ ሳይጋበዙ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«መቼ ነው ለመብል የምትደርሰው?»

«በአምስት፣ በስድስት ዓመት። እግዜር ካለ» አለች አልጣሽ።

«እስከዚያ እኔስ የት አለሁ» አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

ወይዘሮ አሰገደች ነጠላቸውን አጣፉ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ። በተከፈተው በር ሙሉካ በዓይኑ ተከተላቸው፤ በመደቡ አጠገብ አልፈው፣ እጃቸውን ወደ እንሰቷ ሳይዘረጉ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።