ፀሐይ ላይ የወጡት በሬዎች

በ1976 ዓ.ም. ተዋበች ጂንካ ውስጥ የአንድ ቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች። በሥዕል ሰዓት ሰሌዳው ላይ የምትስላት አንዲት ቤት ነበረቻት፤ ቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ በር፣ ሁለት መስኮት። ሠላሳውም ልጅ ያችኑ ይገለብጣል፤ ያበላሸ ይደግማል። እጇስ ያምራል፣ መስመሯ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው።

ቅናት ያሳደረባት የጽዳት ሠራተኛዋ ጤናዬ ናት። ጤናዬ የአካባቢው የአሪ ብሔረሰብ ሸክላ ሠሪዎች ልጅ ነች። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ጭቃ አምጥታ በሬ ስትሠራ ልጆቹ ከበቧት፤ ከዚያ ወዲህ ደወል ሲደወል ክፍሉ ጭር ይላል። አንዱ የአባቱን ቡሬ በሬ ይሠራል፣ ሌላዋ ቀንዷ የተሰበረ ላም። "ጤኔ፣ እዪልኝ" እያሉ ይሻሟታል።

"እኔን 'እትዬ፣ ጨረስኩ' ነበር የሚሉኝ" አለችኝ ተዋበች ከዓመታት በኋላ ስታወጋኝ። "ሦስት ዓመት አስተምሬ 'ይዩልኝ' ያለኝ አንድ ልጅ የለም።"

"ልጆቹን አቆሸሽሽብኝ" ብላ ብትቆጣት፣ ጤናዬ "አጥባቸዋለሁ፣ እትዬ" አለች። አጠበቻቸውም። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ከአውራጃው ሥራዋን የሚያይ እንግዳ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀር፣ የጭቃ በሬዎቹ እንዲደርቁ እንሰት ቅጠል ለብሰው ጥላ ሥር ተደርድረዋል። ጤናዬ ገበያ ሄዳለች። ተዋበች አንድ በአንድ እያነሳች ፀሐይ ላይ አወጣቻቸው፤ ቶሎ ደርቀውላት ለእንግዳው "እኔ ነኝ ያሠራኋቸው" ልትል። ከሰዓት በኋላ እግራቸው ተሰነጣጥቆ፣ አንገታቸው ወልቆ ተገኘ። ልጆቹ አለቀሱ።

"ማን አወጣቸው?" አለች ጤናዬ ስትመለስ።

"እኔ።"

"ስላላወቁ ነው፣ እትዬ። ጥላ ነው ቀስ አድርጎ የሚያደርቃቸው።"

"ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር" ትላለች ተዋበች። "ልጆቹ ፊት ይቅር አለችኝ።"

በማግስቱ እንግዳው ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሠላሳ ቤቶች አይተው "ሥርዓት ያለው ሥራ ነው፣ ጓድ ተዋበች" አሏት። የእሷ ጆሮ ግን ግቢው ውስጥ ነበር። ልጆቹ ከጤናዬ ጋር ስብርባሪውን በውሃ እያራሱ መልሰው ያቦካሉ፣ ይሳሳቃሉ።

ሰኞ ሰሌዳውን ባዶውን ተወችው። "ያሰባችሁትን ሳሉ" አለቻቸው። ከዚያ ዳርጌ የሚባለው ልጅ ስድስት እግር ያላት ፍየል ሳለና ወረቀቱን ይዞ ብድግ አለ። ተዋበች እጇን ዘረጋች። ልጁ በአጠገቧ አልፎ፣ በር ላይ ወደምትጠርገዋ ጤናዬ ሮጠ።

"ጤናዬ 'ለእትዬም አሳያቸው' ብላ መለሰችው" አለችኝ። "መጥቶ 'ይዩልኝ' አለኝ። አየሁለት፤ ፍየሏም ቆንጆ ነበረች። ግን ጤናዬ ልካው ነው የመጣው። እስካሁን ይቆረቁረኛል።"