ጁምዓን በአንድ ውዱእ

አንጀቴ ተቋጥሮ አዲስ አበባ ላይ ብዙውን ቆርጠው ከጣሉልኝ በኋላ፣ ሸዋ ሮቢት የተመለስሁት ሰው ሆኜ ሳይሆን ቧንቧ ሆኜ ነው። የበላሁት ሳይውል ሳያድር ይወጣል፤ በቀን አሥራ አምስቴ፣ አንዳንዴም ቁጥሩ ይጠፋኛል። ሚስቴ ወደ ጓሮ የሚወስደውን መንገድ "ያንተ አስፋልት" ትለው ነበር።

ተቅማጡስ ይሁን፤ ያንገበገበኝ ጁምዓ ነው። ለሶላት ታጥቤ የያዝሁት ውዱእ ሆዴ በሄደ ቁጥር ይፈርሳል። የመስጊዱ ስብከት፣ ኹጥባው፣ ሳያልቅ ጫማዬን አንጠልጥዬ እሮጣለሁ። የመስጊዳችን ሸህ፣ በሽተኛ ዑዝር፣ በቂ ምክንያት፣ አለው፣ አላህ አያስገድድህም፣ ቤትህ ስገድ ብለውኛል። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ፤ ስድስት ወር ሙሉ መስጊዱ በር ሥር ተቀመጥሁ፤ ስድስት ወር ሙሉ አንዱንም አልጨረስሁ።

ለምርመራ አዲስ አበባ ስመለስ ሐኪሙ አዲስ የሆርሞን መርፌ አዘዘልኝ። ሰውነት ራሱ አንጀትን "ቀስ በል" የሚልበት ትእዛዝ አለው፤ መርፌው ያንን ይሰጥልሃል አለኝ። በዚያ በደርግ ዘመን ቀበሌው ተሰብሰቡ ሲል የማይሰበሰብ አልነበረም፤ እምቢ ያለ የእኔ አንጀት ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይወዳል፤ የእኛ ቆላ ደግሞ ጥላ ሥር ቅቤ ያቀልጣል። እኔ የማውቀው ፍሪጅ ያለው አንድ ቡና ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት ክርስቲያን እናት፣ የመድኃኒቱን ብልቃጦች ከቢራው ጎን አስቀመጡልኝ፤ ጎረቤታቸው የሆነ ድሬሰር እዚያው ጓዳ ይወጋኛል። በቀን ሦስት ጊዜ ኮፍያዬን እንዳጠለቅሁ ቡና ቤት ገብቼ፣ ሆዴን እያሻሸሁ እወጣለሁ። ሰው ምን ይበል?

በሳምንቱ ሸሁ አስጠሩኝ።

"ቡና ቤት ትገባለህ ይላሉ።"

"ልክ ነው ሸህ፤ በቀን ሦስቴ።"

"ምን ልታደርግ?"

"ሆዴን ልወጋ።"

ሸሚዜን ገልጬ አሳየኋቸው፤ ወንፊት ይመስላል። ሳቃቸውን በጢማቸው ደብቀው፣ ለወሬኞቹ እኔ እመልሳለሁ አሉኝ።

መርፌው ባንዴ አልፈወሰኝም። አሥራ አምስቱ ስምንት፣ ስምንቱ አራት ሆነ። ከዚያ አንድ ጁምዓ፣ ተወግቼ፣ ሩዝ ብቻ በልቼ፣ በሩን አልፌ የፊተኛው ሰልፍ ገባሁ። አጠገቤ ያለው ነጋዴ ወዳጄ መውጫ ሊተውልኝ ፈቀቅ ቢል በክርኔ መለስሁት። ኹጥባው ያን ቀን ረዘመ፤ ሸሁ ሆን ብለው ይመስለኛል። ሆዴ አንዴ አጉረመረመ። ዝም በል አልሁት፤ ዝም አለ። በግንባሬ ሱጁድ ወረድሁ፤ ተነሳሁ፤ በሰላምታው ሶላቱን ዘግቼ አሰላመትሁ።

ሰው ሲወጣ አልተነሳሁም።

"ምነው፣ አመመህ?" አለኝ ወዳጄ።

"ጨረስሁ" አልሁት።

እንባዬን በኮፍያዬ ጠረግሁ። ከዚያ፣ ለጉራ ካልሆነ ለምንም ሳይሆን፣ እዚያው ቁጭ ብዬ ሰዓታት ጠብቄ ቀጣዩን ሶላት፣ ዐሱርንም፣ በዚያው ውዱእ ሰገድሁ።